የ1972 ቮልስ፦ ቀዩ መብራት ይጠፋል፣ ባትሪው ግን አይሞላም (ደሴ)

የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስካሁን የምታወሩትን ሳነብ የኖርኩ ነኝ፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጥቻለሁ።

የአባቴ ቮልስ እኔ ጋ ናት። እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል፣ 1300፣ ባለ 12 ቮልት፤ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞዋ የጥንቱ ነው፣ አዲሱ ዓይነት መሙያ አልተርኔተር አልገባላትም። አባቴ ሊያርፍ ሲል ቁልፏን እጄ ላይ አድርጎ «አትሽጣት» አለኝ፤ ቃሌን ጠብቄ ይዣታለሁ። ሞተሯ ጤነኛ ነው። ካንዴላና ፑንቲናዋ በወቅቱ ይታያል። የሐረጎን ዳገት ሳትግል ትወጣዋለች። የቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባትሪ አትሞላም።

ማታ ሙጋድ ቤታችን በር ላይ አቆማታለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፍ ሳዞር ማስነሻው ሞተሪኖ አንድ ዙር ከግማሽ ያቃስትና ቀጥ ይላል። የደሴ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። የሰፈር ልጆች ወጥተው እስኪገፉልኝ እጠብቃለሁ። በግፊ እንደተነሳች ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ሥራዬ እዚያ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ደርሼም አጥፍቼ ላስነሳት ስል እንደገና ታቃስታለች።

በ5 ወር ውስጥ ሁለት አዲስ ባትሪ ገዛሁ። አንድ ጋራዥ የዲናሞውን ካርቦን ቀየሩልኝ። ሌላው የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር ቀየረ። ሦስተኛው «ዲናሞው ጨርሷል» ብሎ ከሌላ ቮልስ የወጣ ዲናሞ ገጠመልኝ። ከፍዬ የወጣሁ ዕለት ሁሉም ደህና ነው፤ በሳምንቱ እዚያው ነኝ።

ግራ ያጋባኝ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀዩ መብራት ነው። ቁልፍ ስሰጥ በደንብ ይበራል፤ ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ነዳጅ ስሰጥ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ማታ መንገድ ላይም ብልጭ አይልም። ያየው ሰው ሁሉ «መብራቱ ከጠፋ ዲናሞው ይሞላል፤ ችግሩ ባትሪህ ነው» ይለኛል። ባትሪው ግን አዲስ ነው።

ይጥቀም አይጥቀም ባላውቅም አንድ ነገር ልጨምር። ማታ ፒያሳ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጥ) ስቆም የፊት መብራቷ እንደ ኩራዝ ይሆናል፤ ክላክሱም ይታፈናል። ነዳጅ ስሰጥ ወዲያው ቦግ ይላል። ቴስተር አለኝ፣ ቮልት መለካት እችላለሁ፤ ከዚያ ያለፈ እውቀት የለኝም። የት የት እንደምለካ ንገሩኝ።


ሰኞ_ገበያ | ደሴ | ማክሰኞ፣ 2፡41

ወንድሜ አትድከም። ያንን ዲናሞ አውጥተህ አልተርኔተር አስገባ። እኔ ካስገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባትሪ ገዝቼ አላውቅም። ያንተው ዲናሞ 30 አምፔር ነው የሚሰጠው፤ አልተርኔተሩ 50 እና ከዚያ በላይ ነው፣ በሚኒሞም ይሞላል።


ጋሼ_ፑንቲና | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ 3፡15

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። አልተርኔተር መጥፎ ነው አልልም። ግን ሦስት ዕቃ ቀይረህ ካልዳነች አራተኛውን ከመግዛትህ በፊት ቆም በል።

መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ እይ። ሞተሩ ጠፍቶ መሐሉን በአውራ ጣትህ ስትጫነው 1 ሳንቲም ተኩል ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ዲናሞው ላይ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ቮልስ ላይ ቺንጊያ የሚጠብቀው እንደ ሌላው መኪና ዲናሞውን ወደ ውጭ በመሳብ አይደለም። የዲናሞው ፑሊ ለሁለት ይከፈላል፤ በመሐሉ ቀጫጭን ሮንዴላዎች አሉ። ካቻቪቴ በፑሊው ቅድ አስገብተህ የዲናሞው ቡሎን ላይ ታስደግፈዋለህ፣ ከዚያ በ21 ቁልፍ ዳዶውን ትፈታለህ። ለማጥበቅ አንድ ሮንዴላ ከመሐል ታወጣለህ። ያወጣኸውን አትጣለው፤ ከውጭ በኩል ዳዶው ሥር ይቀመጣል። ብዙ ሰው እየጣለው አዲስ ቺንጊያ የሚገባ ቀን የሚመልሰው ያጣል።

ሁለተኛውን ቮልስ ያለው ሁሉ ይስማኝ። ቀዩ መብራት መንገድ ላይ ከበራ ጉዳዩ የባትሪ ብቻ አይደለም። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንቶላ የታሰረው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ንፋስ የለም ማለት ነው፤ ውሃና ራዲያተር እንደሆነ ፊትም የላትም። ሐረጎን ሽቅብ እየወጣህ መብራቱ ቢበራ «ደሴ ደርሼ አየዋለሁ» አትበል፤ ዳር ይዘህ እዚያው አጥፋ። አንድ ጎረቤቴ ከሐረጎ መሐል እስከ ደሴ መግቢያ እንደዚያው ነድቶ፣ የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን ተጣብቆ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈታ። ሦስተኛው ሁልጊዜም ከአራቱ ይበልጥ የሚሞቀው ነው።

ሦስተኛ፣ ዲናሞውን ለማረጋገጥ የእኛ የድሮ መሞከሪያ አለ። ሞተሩ እየሠራ ከባትሪው አንዱን ራስ ንቀል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል ማለት ነው።


የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ 3፡50

ጋሼ፣ ስለ ቺንጊያውና ስለ ቬንቶላው ያሉት ወርቅ ነው፤ ዕድሜ ይስጥዎ። ሦስተኛውን ግን እባክዎ እንተወው። ባትሪው ለመኪናው እንደ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የሚመጣውን እየተቀበለ ቮልቱን ያረጋጋል። ሞተሩ እየሠራ ሲነቀል ቮልቱ ድንገት ይዘልላል። አልተርኔተር ባለው መኪና ላይ ከረንቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን ዳዮዶች በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል። ዲናሞ ላይም ቢሆን አምፖል ይበላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሞላ ባትሪ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ በዚያ አጠገብ ሲነቀል አንዲት ብልጭታ ብትፈጠር ባትሪው ሊፈነዳ፣ አሲዱም ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል።

እኔ ሥራዬ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ነው። እኛ ጋ ሳይለካ ዕቃ አይነቀልም። የጦሳ ልጅ ወንድሜ፣ እንዲህ ለካና ቁጥሩን ጽፈህ አምጣልን።

ጠዋት ሳታስነሳት የባትሪውን ሁለት ራሶች ለካ። ሙሉ ባትሪ ሌሊቱን አርፎ 12.6 አካባቢ ያሳያል። 12.2 ግማሽ ነው። 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከዚያ አስነሳት፤ ሰው በመጠኑ ነዳጅ ይርገጥልህ፤ መብራት ሁሉ ይጥፋ። የቴስተሩ ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ ራስ አይነሳ። በቀዩ ጫፍ ሦስት ቦታ ትነካለህ፤ መጀመሪያ ሬጉላተሩ ላይ ከዲናሞ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ የሚገባበትን (ዲ ፕላስ)፣ ቀጥሎ ከሬጉላተሩ የሚወጣውን ቢ ፕላስ፣ በመጨረሻ የባትሪውን ፖዘቲቭ ራስ። ባትሪው ላይ ማሰሪያውን ሳይሆን እርሳሱን ራሱን ንካ። በዚህ ሞዴል ሬጉላተሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር በግራ በኩል ነው፣ ባትሪው በቀኝ። ሦስቱ ቁጥሮች 14 አካባቢ ሆነው መቀራረብ አለባቸው። የሚወድቁበት ቦታ ካለ በሽታው እዚያ መሐል ነው።

ሌሊት የሚያፈስ ነገር ካለም እንየው። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታና ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርገህ በራሱና በሽቦው መሐል አስገባ። ባለ ሰዓት ሬዲዮ የሌላት መኪና ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነው ማሳየት ያለባት። ቴስተሩ እንደዚያ እንዳለ ቁልፍ እንዳታዞር፤ የሞተሪኖው ከረንት ያቃጥለዋል።


የላዳው_ሹፌር | ደሴ | ማክሰኞ፣ 4፡05

እህቴ እውነቷን ነው። የእኔ ላዳ አልተርኔተር የሄደው እንዲሁ ነው። አንዱ «ልሞክርልህ» ብሎ ሞተሩ እየሠራ ነቀለው። መልሶ ሲሰካው ቀዩ መብራት አልጠፋም ብሎ ቀረ። ሲፈታ ከስድስቱ ዳዮዶች ሁለቱ ተቃጥለዋል። ከዚያ በፊት አንድም ችግር አልነበረበትም።


ጋሼ_ፑንቲና | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ 4፡30

ልጄ፣ ተቀብያለሁ። በዲናሞ ዘመን የለመድነው ነገር ነው፤ አልተርኔተር ሲመጣ መተው ነበረብን። ጋራዥ ለሚያግዙኝ ልጆችም ነገ እነግራቸዋለሁ። የጦሳ ልጅ፣ እሷ ያለችህን አድርግ።


የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡55

ለካሁ።

ጠዋት ከማስነሳቴ በፊት ባትሪው 11.9 ነው። ሌሊት የሚፈስ የለም፤ ቴስተሩ 0.01 ነው ያለኝ። ቺንጊያውንም ጋሼ እንዳሉኝ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ልክ ነው።

ከዚያ በግፊ አስነሳናት፤ የጎረቤት ልጅ ነዳጅ እየረገጠልኝ ለካሁ። ዲ ፕላስ 14.5። ቢ ፕላስ 14.3። የባትሪው ራስ ላይ 12.4!

ተሳስቼ እንዳይሆን ደግሜ ለካሁት። ሦስተኛም ለካሁት። ያው ነው። ምን ማለት ነው?


የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ሐሙስ፣ 2፡20

ዲናሞህ ይሠራል ማለት ነው። ያስወጡት የመጀመሪያው ዲናሞም ጤነኛ እንደነበር እገምታለሁ። ሬጉላተሩም ደህና ነው፤ በውስጡ ሲያልፍ የጠፋው 0.2 ብቻ ነው። 1.9 ቮልት የተበላው ከሬጉላተሩ ወጥቶ ባትሪው እስኪደርስ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው። ዲናሞው ይሰጣል፣ ለባትሪው ግን አይደርሰውም።

ቀዩ መብራት ሁላችሁንም ያሳታችሁ ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ያ አምፖል ባትሪ የሚለካ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ጫፎችን የሚያወዳድር ነው። አንዱ ጫፉ በቁልፉ በኩል ከፊት መስመር ይመጣል፤ ሌላው በሬጉላተሩ 61 ቁጥር በኩል ከዲናሞው ይመጣል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ከረንት የሚሄድበት ስለሌለ ይጠፋል። በዚህች መኪና ላይ ደግሞ የፊቱ መስመር የሚነሳው ከሬጉላተሩ ቢ ፕላስ ነው፤ ማለትም ከተበላሸው ቦታ ቀድሞ። ስለዚህ አምፖሉ በአንድ ጎን 14.3፣ በሌላው 14.5 ያገኝና ይጠፋል። ባትሪው 12.4 ላይ እንደተራበ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እኔን ወደዚህ የመራኝ ያ «ይጥቀም አይጥቀም» ያልከው ነው። የፊት መብራቶቹ ከነኋላዎቹ ከ8 እስከ 10 አምፔር ይፈልጋሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ያንን ዲናሞው ራሱ ይሰጣል፤ ለዚህ ነው ቦግ የሚሉት። በሚኒሞ ዲናሞ እዚህ ግባ የሚባል ነገር አይሰጥም፤ መብራቱ ከባትሪው መውሰድ አለበት፣ የሚወስደውም በዚያው በታመመው መንገድ ነው። ጤነኛ ዲናሞ ያላት ቮልስም በሚኒሞ ትንሽ ትደክማለች፤ ኩራዝ እስክትሆን ግን አይደለም።

አሁን የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታና ያንን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅህ ተከተለው። ዓይንህን አትመን፤ ዳብሰው።


ሰኞ_ገበያ | ደሴ | ሐሙስ፣ 2፡38

እኔ አልተርኔተር አስገባ ብዬው ነበር። ገብቶ ቢሆን ኖሮስ ምን ይፈጠር ነበር?


የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ሐሙስ፣ 2፡47

በዚያው ሽቦ ላይ የበለጠ ከረንት ይገፋ ነበር። የሚሞቀውም እዚያው ነው፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከምንጣፍና ከመቀመጫው ሙሌት አጠገብ። የቮልስ የኋላ መቀመጫ ስፕሪንጉ ብረት ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ራስ ነክቶ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ የባትሪው ክዳን የጠፋባችሁ ሁሉ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ ሸፍኑት፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ።


የሐይቅ_መንገድ | ሐይቅ | ሐሙስ፣ 3፡10

ይቅርታ፣ በመሐል ልግባ። የእኔ ቮልስ ተቃራኒ ነው። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ጠዋት በአንዴ ይነሳል፤ ግን ማታ መብራት ሳበራ ቀዩ መብራት እንደ ፍም ያንጸባርቃል። ቀን ይጠፋል። ዲናሞ ልቀይር?


የቦርከና_ልጅ | ኮምቦልቻ | ሐሙስ፣ 3፡22

አይቀየር ወንድሜ። መጀመሪያ ማታ መብራቱ በርቶ፣ ሞተሩ ፈጠን ብሎ፣ የባትሪውን ራስ ለካ። ወደ 14 ካለህ ዲናሞህም መስመሩም ደህና ነው፤ የሚጎድለው ከፊት ነው። ሁለቱን ጫፎች ያወዳድራል ብዬ የለ? መብራት ስታበራ የፊቱ መስመር ቮልት ይወርዳል፤ የዲናሞው ጎን ግን አይወርድም፤ በልዩነቱ አምፖሉ ይፈማል። የመብራቱን ማብሪያና የቁልፉን ቤት ከጀርባቸው እይ፤ የላላ ወይም ያረረ ማያያዣ ታገኛለህ። ባትሪው ላይ ከ13 በታች ካየህ ግን ቁጥሮቹን ይዘህ ተመለስ።


የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡40

አገኘሁት።

ዛሬ ሥራ ስለሌለኝ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀመርኩ። ኔጌቲቩን ፈታሁ፣ መቀመጫውን አወጣሁ። ከሬጉላተሩ የሚወጣውን ቀይ ሽቦ በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኩት፤ ምንጣፉ ሥር ገባ። ባትሪው ጋ ለመድረስ ሁለት ስንዝር ሲቀረው አንድ እብጠት እጄ ላይ ገባ። ናስትሮ ነው፤ ሙጫው ቀልጦ ጣት ላይ ይለጠጣል። ስፈታው ከሥሩ ሌላ ናስትሮ አለ። ከዚያ ሥር ደግሞ ነጭ የነበረ የጨርቅ ፕላስተር፣ የቁስል ፕላስተር። ከሱ ሥር ሁለት ሽቦ፣ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን፣ እንዲሁ ተጠማዝዘው ታስረዋል። አልተበየዱም። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ ዱቄቱን በጨርቅ ስጠርገው ሥሩ ጥቁር ነው። ትንሽ ሳብ ሳደርገው ተለያየ። ይዘውት የነበሩት ሦስት ወይም አራት ክሮች ናቸው።

ያንን ፕላስተር አውቀዋለሁ። አባቴ ድሬሰር ነበር፤ ቦርሳው ውስጥ ከፕላስተር ተለይቶ አያውቅም። ልጅ ሆኜ አንድ ሰኞ ከባቲ ገበያ ስንመለስ መሸብን፤ ሞተሩ እየሠራ መብራቱ ጠፍቶ ቆምን። እሱ መቀመጫውን አንስቶ ተንበርክኮ ሲሠራ የእጅ ባትሪውን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። «ቤት እስክንደርስ ይበቃናል» ሲል ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ቤት ደረስን፤ ከዚያም ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ዛሬ በገዛ እጄ ስፈታው ትንሽ ቁጭ ብዬ ነበር።

ያደረግኩት ይህ ነው። አሮጌውን ሽቦ ሁለቱንም አወጣሁ። 6 ሚሊ ሜትር ስኩዌር የሆነ አንድ ወጥ ሽቦ ያለ ምንም ቅጥያ ዘረጋሁ፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ የመዳብ ቀለበት በፒንሳ ጨምቄ በካውያ በየድኩት። ከብረቱ ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቱቦ አለበስኩት። የባትሪውን ራሶች በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጠብኳቸው፤ እንደ ሳሙና አረፋ ነው የደፈቁት። ሲደርቁ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኳቸው፣ አጥብቄ ካሰርኩ በኋላ ቫዝሊን ቀባሁ።

አሁን ዲ ፕላስ 14.4፣ ቢ ፕላስ 14.2፣ ባትሪው ራስ ላይ 14.1!

እህቴ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ባትሪውን ጎረቤት ወስጄ በቻርጀር አሞላሁት፤ 12.6 ነው። ሞተሪኖው ከበፊቱ ተሻለ እንጂ አሁንም ይከብደዋል። ሞተሪኖ ልቀይር እንዴ?


ጋሼ_ፑንቲና | ኮምቦልቻ | ቅዳሜ፣ 1፡30

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። የአባትህ ሥራ ሃያ ዓመት መቆየቱን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ በጨለማ፣ ያለ ዕቃ፣ ከዚያ በላይ አይሠራም።

ሞተሪኖ አትቀይር። እስካሁን የሄድክበት የመሄጃው መንገድ ነው፤ አሁን የመመለሻውን እይ። ከረንት ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሞተሪኖውን አዙሮ በማሳ፣ ማለትም በመኪናው ብረት በኩል ወደ ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) የተቀመጡት በጎማ ላይ ነው፤ ከቦዲው ጋር ብረት ለብረት አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ካምቢዮው አፍንጫ ላይ ያለ አንድ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሹርባ የተጎነጎነ የመዳብ ማሳ ነው። ጭቃና ውሃ የሚጫወትበት ቦታ ላይ ስለሆነ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም አያየውም። እሱ ሲበጣጠስ ከረንቱ ሌላ መመለሻ ይፈልግና በፍሪሲዮን ካቦና በነዳጅ ካቦ ይሄዳል። ጠዋት ሞተሪኖ ደጋግመህ መትተህ የፍሪሲዮን ካቦው ሲሞቅ ወይም ፔዳሉ ሲከብድ አይተህ ከሆነ እሱ ነው።

እህትህ እንዳስተማረችን ለካው። ማርሹ ዜሮ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፤ እንዳትነሳ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠውን የቦቢናውን መሐል ሽቦ አውጥተህ ማሳ ላይ እሰረው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ካምቢዮው ላይ ዝገቱን ፍቀህ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አድርግ፤ ሰው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ ይምታልህ። ከ0.3 ቮልት ካለፈ ማሳው ታሟል። ሥር ስትገባ ክሪክ ብቻ አትመን፤ ግንድ ወይም መቆሚያ አስገባበት።


ሆጤ_ማዶ | ደሴ | ቅዳሜ፣ 1፡52

ጋሼ፣ እግረ መንገድዎን ለእኔም። የወንድሜ ቮልስ ሦስት ዓመት ቆማ ነበር። አሁን ተነሳች፤ ቀዩ መብራት ግን ምንም ነዳጅ ብሰጥ አይጠፋም። ቺንጊያው አለ፣ ቬንቶላውም ይዞራል።


ጋሼ_ፑንቲና | ኮምቦልቻ | ቅዳሜ፣ 2፡05

ዲናሞ ሥራውን የሚጀምረው ብረቱ ውስጥ በቀረችው ጥቂት ማግኔት ነው። ብዙ ሲቆም ያቺ ትጠፋለች፤ ወይም ካርቦኑ የሚፈጭበት መዳብ ሻጋታ ይይዝና አይነካካም። ሞተሩን አጥፋ፣ ቺንጊያውን አውጣ። የዲናሞውን ሁለት ሽቦ ንቀል። ዲ ኤፍ የሚባለውን የዲናሞውን ጫፍ በሽቦ ማሳ ላይ እሰር፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወፍራም ሽቦ አምጥተህ ዲ ፕላሱን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ንካ። ጤነኛ ከሆነ ዲናሞው ራሱ እንደ ሞተር ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ማግኔቱም በዚያው ይመለሳል። ካልዞረ ካርቦኑን አውጥተህ እይ፤ ጭራው ከመያዣው አፍ ወደ ውስጥ ከገባ አልቋል። ሽቦውን ስትነካ እጅህን ከቬንቶላው አርቅ።


የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ 1.6 ቮልት! ሞተሪኖው ሲመታ በካምቢዮውና በባትሪው ኔጌቲቭ መሐል 1.6።

ለማረጋገጥ የጎረቤቴን የባትሪ ማቀባበያ ገመድ ከካምቢዮው ወደ ቦዲው ንጹሕ ብረት አያያዝኩ። ቁልፍ ስሰጥ ሞተሪኖው እንደ አዲስ ፈተለ። ሥር ገብቼ ሳየው ያ ሹርባ አንድ ጎኑ ተበጣጥሶ ተንጨባሯል፤ ሌላው ጎኑ በጭቃና በዘይት ተለስኗል፤ ቡሎኑ ሥር ዝገት እንጂ ብረት የለም። አዲሱን የገጠምኩት ሁለቱንም መቀመጫ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍጌ ነው። አሁን 0.15።

የፍሪሲዮን ፔዳሉ ጠዋት ጠዋት እንደሚከብድ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለብርዱ ነበር የምሰጠው። ጋሼ ሲጽፉት ደነገጥኩ። ዛሬ ለስላሳ ነው፤ ካቦው ግን በሙቀት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል እሱንም እቀይረዋለሁ።

ትናንት ማታ ሐረጎን ሁለቴ ሄድኩበት። ጉም ነበር፤ የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፣ ፍሬቻውን ሁሉ እያሠራሁ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ። ፒያሳ ላይ በሚኒሞ ቆሜ አየሁት፤ መብራቱ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ መንገዱን ያሳያል። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪው 12.6። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። የሚገፉልኝ ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር፤ ሁሉንም አሳፍሬ ትምህርት ቤት አደረስኳቸው።


የላዳው_ሹፌር | ደሴ | ሰኞ፣ 2፡44

ማሻአላህ! አላህ ይባርክላችሁ፣ ሁላችሁንም። እኔም ነገ የላዳዬን ማሳ ሽቦዎች ልፈታና ልፈገፍግ ነው።


የጦሳ_ልጅ | ደሴ | ሰኞ፣ 3፡05

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሼ። ያስወጣሁትን የአባቴን ዲናሞ ጋራዡ አልጣለውም ነበር፤ ዛሬ ሄጄ ወሰድኩት። አሁን ላይዋ ላይ ያለው ይሠራል፤ ግን የራሷን ብመልስላት ደስ ይለኛል። ካርቦኑ አዲስ ነው። ሌላ ምን ያስፈልገዋል?


ጋሼ_ፑንቲና | ኮምቦልቻ | ሰኞ፣ 3፡20

ካርቦኑ የሚፈጭበትን መዳብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፤ ጥቁሩን የብረት ሸራ ወረቀት አትንካ፣ ብናኙ ከረንት ያስተላልፋል። በመዳቦቹ መሐል ያለው ማይካ ከመዳቡ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆነ በተሰበረ የብረት መጋዝ ይፋቃል። ኩሽኔታዎቹን በእጅህ አዙረህ አዳምጥ፤ ካጉረመረሙ አሁኑኑ ቀይራቸው፤ በኋላ ቬንቶላውን እንደገና ማውረድ ነው። እሑድ ከሰዓት ይዘኸው ና፤ መጋዙ እኔ ጋ አለ። ሮንዴላዎቹን እንዳትረሳ።